ግነት፣ ሽሙጥ እና ውሸት


«አገሩ ሁሉ ወጣ» ስንል ግነት ነው፤ ሰሚው ይረዳናል። ሲያስሩን «መብታችን እንዴት ተከበረ!» ስንል ሽሙጥ ነው፤ ሐሳባችን አልተደበቀም። ውሸት ግን ሰሚው እንዲያምነው ታስቦ ይነገራል።

በ2004 ከአወሊያ የተነሱት ጥያቄዎቻችን ሦስት ነበሩ፦ የመጅሊስ መሪዎቻችንን ራሳችን እንምረጥ፣ የአሕባሽ አስተምህሮ በግድ አይጫንብን፣ አወሊያ በገለልተኛ ቦርድ ይተዳደር። በ2005 በቴሌቪዥን የቀረበው «ጅሃዳዊ ሐረካት» ግን ጥያቄዎቹን የሽብር ሴራ አደረጋቸው። ይህ ግነትም ሽሙጥም አይደለም።

ሱረቱል ሁጁራት ወሬ አጣሩ፣ በሰው አትሳለቁ ትለናለች፤ ትእዛዙ ለእኛም ነው። ሽሙጣችን በደሉን እንጂ ሰውን አይንካ። ስለታሰሩት ስናወራ ቁጥር አንጨምር፣ ያላየነውን አየን አንበል። አንዲት ውሸት እውነታችንን ሁሉ ታስጠረጥራለች።

አላህ ከእውነተኞች ያድርገን። ድምፃችን ይሰማ!