የጊታር አንገትና ሣጥኑ የሚጋጠሙበት ስፍራ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



የሙዚቃ ክበባችን ለዛሬው በዓል የመረጠው ርእስ ትንሽ ይመስላል፤ ይኸውም የጊታር አንገት ከሣጥኑ ጋራ የሚገናኝበት ስፍራ ነው። ስፍራው ከመዳፍ አይበልጥም። ነገር ግን ክበባችን ያለው አንድ ጊታር አንገቱ ወደ ፊት ስለ ዘመመ፣ «ይጣልና ሌላ ይገዛ» የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ለሌላ ጊታር የሚወጣው ገንዘብ ደግሞ ለመጻሕፍት ከታሰበው ላይ የሚቀነስ ነው። ስለዚህ ከመፍረዳችን በፊት ነገሩን መመርመር ይገባናል።

በመጀመሪያ ከአገራችን መሣሪያዎች እንነሣ። ክራርን የተመለከተ ሰው ሁለት ዘንጎች ከድምፅ ሣጥኑ ወጥተው ቀንበሩን ተሸክመው ያያል። አውታሮቹ ከቀንበሩ እስከ ሣጥኑ ግርጌ ይወጠራሉ። ሲጠብቁ ቀንበሩ ወደ ታች ይሳባል፤ ዘንጎቹም ወደ ሣጥኑ ይበልጥ ይጫናሉ። እንግዲህ የአውታሩ ኀይል መጋጠሚያውን ያጠብቀዋል እንጂ አያላላውም። የመሲንቆም አንገት በቆዳ የተለበጠውን ሣጥን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘልቆ የሚያልፍ አንድ ዘንግ ነውና፣ የጭራውን ውጥረት የሚችለው ይኸው ዘንግ ነው። በክልላችን አኙዋኮች የሚጫወቱት ቶም ደግሞ ምላሶቹ በእንጨት ላይ ተጣብቀው በአውራ ጣት የሚመቱ ስለ ሆነ፣ አንገት የሚባል ነገር አያስፈልገውም።

ጊታር ግን ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። አንገቱ በሣጥኑ ግንባር ላይ ይቆማል፤ አውታሮቹም በላዩ አልፈው ሣጥኑን ከአንገቱ ጋራ ሊያጥፉት ይታገላሉ። የናይሎን አውታሮች ውጥረት 40 ኪሎ ያህል ነው፤ የብረቶቹ ግን 70 ኪሎ ይደርሳል። አንድ ሙሉ ሰው ሌት ተቀን በመጋጠሚያው ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል ማለት ነው። መጋጠሚያው ጥቂት ቢላላ አውታሩ ከአንገቱ ይርቃል፤ ጣት ይደክማል፤ አውታሩም ሲጫኑት ይበልጥ ስለሚለጠጥ ድምፁ ከቅኝቱ በላይ ይወጣል።

ሠሪዎች ይህን ችግር በሦስት መንገድ ተቋቁመውታል። የእስፓኝ ሠሪዎች አንገቱን ከሣጥኑ ጋራ አብረው ይሠሩታል፤ የሣጥኑ ጎኖች በአንገቱ ሥር በተሰነጠቀው ቦይ ውስጥ ይገባሉ። ይህ ጽኑ ነው፤ ሲበላሽ ግን ነቅሎ ማደስ እጅግ ያስቸግራል። በ1833 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ሥራ የጀመረው የማርቲን ቤት የታወቀበት ሁለተኛው መንገድ፣ አንገቱን እንደ ሽብልቅ ቀርፆ በጎድጓዱ ውስጥ በሙጫ ማያያዝ ነው፤ ይህንንም ዐዋቂ ሰው በእንፋሎት ሊፈታው ይችላል። ሦስተኛው በብሎን ማሰር ነው። በአሜሪካ የቴይለር ፋብሪካ በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው አሠራር አንገቱ በብሎን ይታሰራል፤ ስስ ንጣፍ በመለወጥም ማዘንበሉ ይስተካከላል።

«ታዲያ የትኛው መልካም ድምፅ ይሰጣል?» የሚል ጠያቂ አይጠፋም። በዚህ ሠሪዎች ራሳቸው አይስማሙም። ሆኖም ታላቁ የእስፓኝ ሠሪ አንቶንዮ ዴ ቶሬስ በ1862 እ.ኤ.አ. ጎኑና ጀርባው ከወረቀት የሆነ ጊታር ሠርቶ፣ ከሁሉ ይልቅ ድምፅን የሚወስነው የፊቱ ገበታ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ የመጋጠሚያው ዋና ሥራ ድምፅን መፍጠር ሳይሆን፣ ገበታው ሥራውን እንዲሠራ አውታሮቹን በትክክለኛው ከፍታ መጠበቅ ነው። የሚወዛወዝ መጋጠሚያ ኀይልን ያባክናል፤ የጸና ከሆነ ግን በሙጫም ይሁን በብሎን ጆሮ ልዩነቱን በቀላሉ አያገኘውም።

የዲማ ሙቀትና የክረምቱ እርጥበት ሙጫን ያላላሉ፤ እንጨትንም ያሳብጣሉ። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የዋለ ጊታር ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን፤ ጊታር በፀሐይ አይቀመጥ፤ ለናይሎን በተሠራው ላይ የብረት አውታር አይወጠር፤ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ አውታሮቹ ይላሉ።

አሁን ወደ ፍርዱ እንመለስ። የክበባችንን ጊታር ውስጥ በባትሪና በትንሽ መስተዋት መረመርነው። በአንገቱ ሥር ሁለት ብሎኖች አገኘን፤ አንደኛው በእጅ ይዞራል። እንጨቱ አልተሰነጠቀም። እንዲህ ከሆነ ሕመሙ የሚድን ነው፤ የሚያስፈልገውም ከሞተር ብስክሌት ጠጋኞች የምንዋሰው መፍቻና ትዕግሥት ብቻ ነው። የመጻሕፍቱ ገንዘብ ሳይነካ ሁለት ሳምንት እንዲሰጠን ትምህርት ቤታችንን በትሕትና እንለምናለን። ካልተሳካልን መጣሉ የሚያመልጠን ነገር አይደለም፤ የተጣለውን ግን ማንም አይመልሰውም።