ቀዳዳው የሚወስነው፦ በአሉሚኒየም ፎይል ስለ መጥበስና በእንፋሎት ስለ ማብሰል

(በፋኩልቲው ለሕዝብ ክፍት የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



 የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ለእንዲህ ያለ መድረክ የማይመጥን መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። የምናገረው ስለ ቀዳዳ ነውና፤ ያውም በስስ የአሉሚኒየም ፎይል ላይ በሹካ ጫፍ ስለምንበሳው ቀዳዳ።

ወደዚህ ጉዳይ የመራኝ አንድ የቤት ውስጥ ገጠመኝ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እንግዳ ጠርተን ነበርና ቆሮሶ ዓሣ በሎሚና በጨው አሸሁ፤ በፎይል ጠቅልዬም ከሰል ላይ አኖርሁት። ሲደርስ ብፈታው ዓሣው በራሱ ውሃ ውስጥ ተኝቶ፣ ቆዳው ነጥቶና ለስልሶ አገኘሁት። እናቴ አየት አድርጋ «ልጄ፣ ይህ ጥብስ ነው ወይስ ቅቅል?» አለችኝ። ፎይሉን ስመለከት ደግሞ ሎሚው በነካው ስፍራ ጠቋቁሮ፣ አልፎ አልፎም በመርፌ የተወጋ መስሎ ነበር። እንግዲህ ሁለት ጥያቄ ተነሣብኝ፦ ዓሣው ስለ ምን አልተጠበሰም? ከፎይሉ የጎደለውስ ብረት ወዴት ሄደ?

ከመጀመሪያው ልነሣ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። የምግቡ ገጽ እርጥብ እስከ ሆነ ድረስ ሙቀቱ ከዚህ ብዙም አያልፍም። ጥብስን ጥብስ የሚያሰኘው ቡናማ መልክና መዓዛ ግን ጎልቶ የሚታየው ገጹ ደርቆ ወደ 140 ዲግሪ ሲቃረብ ነው። ይህን የፕሮቲንና የስኳር ውሕደት ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚል ማያር በ1912 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስለ ገለጸው ዛሬም በስሙ ይጠራል። ባልተበሳ ፎይል የተጠቀለለ ምግብ እንፋሎቱ መውጫ ስለሌለው ከታች ያለው ፍም የቱንም ያህል ቢግል ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። የእናቴ ፍርድ ትክክል ነበር።

ለመጥበስ ከተፈለገ ፎይሉ መጠቅለያ መሆኑ ቀርቶ ምንጣፍ ይሁን። በመጥበሻው ሽቦ ላይ ይነጠፍ፣ በየጣት ስፋቱ ይበሳ፣ ምግቡም በላዩ ገልጦ ይቀመጥ። በቀዳዳው የፍሙ ትኩስ አየር ይወጣል፤ ምግቡ የሚያንጠባጥበው ውሃም ከሥሩ ሳይጠራቀም ይወርዳል። ዓሣው ከሽቦው ጋር አይጣበቅም፤ የተከተፈው ካሮትና ቃሪያም ወደ እሳቱ አይሾልክም። ሹካው ሲበሳ ብረቱን አያወጣውም፤ ወደ ሌላው ወገን ይገፋዋል። ስለዚህ ምግቡ በሚቀመጥበት በኩል ወደ ታች እንብሳ፤ ሻካራው ጠርዝ ከሥር ይቀራል።

ነገር ግን ቀዳዳ ሁልጊዜ በጎ አይደለም። ስብ የበዛበት ሥጋ ሲሆን የሚንጠባጠበው ስብ ፍም ላይ ወድቆ ይነድዳል። ከዚያ የሚነሣው ጭስ ቤንዞፓይሪንን የመሰሉ ውሕዶችን ተሸክሞ ሥጋው ላይ ያርፋል። ቤንዞፓይሪንን ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በሰው ላይ ካንሰር ያመጣሉ ካላቸው የመጀመሪያ ምድብ ነገሮች መካከል መድቦታል። እንግዲያውስ ለስባም ሥጋ ፍሙን ወደ ዳርና ዳር እንግፋ፤ ከሥጋው ሥር ያለውን ፎይል ሳንበሳ፣ ጠርዙን ከፍ አድርገን ስቡን እንያዝበት። ፎይሉን ከፍሙ ጋር ማነካካትም አይገባም፤ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፣ በደንብ የተራገበ ፍም ደግሞ ከዚህ ሊያልፍ ይችላል።

በእንፋሎት ስናበስል የቀዳዳው ተግባር ይለወጣል። ልዩ መቀቀያ በሌለበት ቤት ድስት ውስጥ ጥቂት ውሃ አድርገን፣ በአፉ ላይ ፎይል ረገብ አድርገን ወጥረን፣ በስተን፣ ድንቹን ወይም ዓሣውን በላዩ አኑረን መክደን እንችላለን። ውሃው ፎይሉን እንዳይነካ፣ ደግሞም እንዳያልቅ መጠበቅ ያስፈልጋል። አንድ ኪሎ እንፋሎት ወደ ውሃነት ሲመለስ ከ2,200 ኪሎ ጁል በላይ ሙቀት ይለቃል፤ ያንኑ ኪሎ ውሃ ከ20 እስከ 92 ዲግሪ ለማሞቅ የሚበቃው ግን 300 ያህል ብቻ ነው። የእንፋሎት ኃይል ከዚህ የመነጨ ነው። ቀዳዳው ሁለት አገልግሎት ይሰጣል፦ እንፋሎቱን ያወጣል፣ ምግቡን ነክቶ ውሃ የሆነውን ይመልሳል። ቀዳዳው ካነሰ ምግቡ በኩሬ ውስጥ ይቀመጣል። የአዲስ አበባ እንፋሎት ከድሬዳዋው በጥቂት ዲግሪ ስለሚያንስ እዚህ ጊዜ መጨመር ግድ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልመለስ። አሉሚኒየምን ከመበላት የሚጠብቀው በገጹ ላይ ያለ እጅግ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ነው። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ ቲማቲምና ጨው ይህን ሽፋን ይበላሉ፤ ሙቀት ያፋጥነዋል። ከፎይሌ የጎደለው ብረት ወደ ዓሣው ገብቶ ነበር። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2008 ሰው በሳምንት ሊወስድ የሚችለውን የአሉሚኒየም መጠን ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት 1 ሚሊ ግራም አድርጎ ወስኗል፤ የዓለም ጤና ድርጅትና የፋኦ የጋራ የባለሙያዎች ኮሚቴ ደግሞ በ2011 ወሰኑን 2 ሚሊ ግራም አድርጓል። በጥብቁ ወሰን ብንሄድ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በሳምንት 60 ሚሊ ግራም፣ 15 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ግን 15 ብቻ ይሆናል። ከአንድ ትሪ የሚበሉ አባትና ልጅ እኩል ቢጎርሱ እኩል አይሸከሙም።

ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። ጤነኛ ኩላሊት ወደ ደም የገባውን አሉሚኒየም አብዛኛውን ያስወግዳል፤ የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን ይበልጥ ይጠንቀቅ። መፍትሔውም ገንዘብ አይጠይቅም። ጨውና ሎሚው ምግቡ ከፎይሉ ከተነሣ በኋላ ይጨመር፤ አስቀድሞ መታሸት ካለበት ደግሞ በመካከል የኮባ ቅጠል ይነጠፍና ከፎይሉ ጋር አብሮ ይበሳ። እናቶቻችን ድፎ ዳቦ ሲጋግሩ ሊጡን በኮባ የሚያለብሱት ከምጣዱ ሊለዩት ነው፤ እኛም ያንኑ ብልሃት እንዋስ።

ዘወትር የሚነሣ አንድ ጥያቄም አለ፦ የሚያብረቀርቀው ወገን ወደ ውስጥ ነው ወይስ ወደ ውጭ? ፎይል በመጨረሻው የመዳመጥ ሂደት ሁለት ሁለት ሆኖ ስለሚያልፍ ሮለሩን የነካው ገጽ ያበራል፤ እርስ በርሱ የተነካካው ይደበዝዛል። በማብሰል ረገድ ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም።

ክቡራትና ክቡራን፤ ሹካውን ከማንሣታችን በፊት ምን እንዲወጣ፣ ምንስ እንዲቀር እንደምንፈልግ ራሳችንን እንጠይቅ። ውሃው እንዲወጣ ከሆነ እንብሳ፤ ስቡ እንዲቀር ከሆነ እንተወው፤ እንፋሎቱ እንዲመላለስ ከሆነ ቀዳዳውን እናብዛ። ሎሚውን ግን ለገበታው እናቆየው።