ቀን ከመቊረጣችን በፊት
(በተማሪዎች ማኅበር የማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን ጸሐፊ ስለ ኮምፒዩተር አሠራር እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ፥ ብዙዎቻችሁ ስለ መሣሪያው ተአምር እንደምትጠብቁ ገምቼአለሁ። ይቅርታ አድርጉልኝና የዛሬው ንግግሬ ስለ ቀን አቈጣጠር ነው። በአንድ ድርጅት ውስጥ አዲስ የኮምፒዩተር አሠራር ለማስገባት ስንነሣ «በዚህ ቀን እንጨርሳለን» የምንለው ቃል ከምን ተነሥቶ እንደሚሰጥ፥ ለምንስ እንደሚታጠፍ ለመናገር አስቤአለሁ። ይህንም የምናገረው ዐዋቂ ሆኜ ሳይሆን፥ እኔው ያወጣሁት የጊዜ ሠሌዳ ሰው ስለ ጐዳ ነው።

ከ4 ኪሎ ተነሥቶ በቀበና በኩል የእንግሊዝን ኤምባሲ አልፎ የሚሄድ ሰው ሾላ ገበያ ይደርሳል። ቦታውን ለብዙዎቻችሁ መንገር አያስፈልግም፤ በበዓል ሰሞን እናቶቻችን ቅቤና ቅመም ሲያስይዙን ያላየው የለም። በዚያ ገበያ ትንንሽ ነጋዴዎች የመሠረቱት አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር አለ፤ ስሙን መጥራት ለነገሩ አይጠቅምም። አባሎቹ 340 ናቸው። ገንዘባቸው የሚመዘገበው በትልልቅ ደብተር ላይ ሲሆን፥ መዝገቡን የሚይዘው አንድ ጸሐፊ ብቻ ነው። ባለፈው በ2017 ዓ.ም. እኔና ሦስት ጓደኞቼ ይህን መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር ለማዛወር ተስማማን።

ሊቀ መንበሩ «መቼ ታስረክቡናላችሁ?» ብለው ጠየቁን። እኛም ከደብተሩ አንዱን ገጽ መርጠን፥ ሰዓት ይዘን ራሳችን ወደ ኮምፒዩተሩ ጻፍነው፤ 10 ደቂቃ ፈጀ። 340 ጊዜ 10 ደቂቃ 57 ሰዓት አይሞላም። ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 30 ድረስ 60 ቀን አለ። «እንኳን 60 ቀን ግማሹም ይበቃል» ተባባልንና መጋቢት 30 ቀን እናስረክባለን ብለን ፈረምን። እኔ ሠሌዳውን በቀለም አሣምሬ፥ በማኅበሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ ያ ቀለም ነው።

እስቲ ያን 60 ቀን እንመርምረው። በመካከሉ 9 እሑድ አለ። ቅዳሜም 9 ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ ገበያተኛው ስለሚበዛ ጸሐፊው ገንዘብ ሲቀበል ይውላል እንጂ ከእኛ ጋር አይቀመጥም። 42 ቀን ቀረ። ከዚያም ውስጥ መብራት የጠፋበት 4 ቀን ሲቀነስ 38 ይሆናል። በእነዚህም ቀኖች ጸሐፊው ለእኛ ሊሰጥ የሚችለው ጊዜ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ብቻ ነበረ። እንግዲህ 60 ቀን ያልነው ነገር ሲጨመቅ 76 ሰዓት ሆነ ማለት ነው።

ያም ቢሆን ሥራው በእርግጥ 57 ሰዓት ቢሆን ኖሮ በበቃ ነበር። አልነበረም። ለሙከራ የመረጥነው ገጽ በደብተሩ ውስጥ ካሉት ሁሉ ንጹሑ ነበረ፤ ሳናውቀው ዓይናችን ወደ እርሱ ሄደ። የቀሩት ገጾች ሌላ ናቸው። አንዲት አባል በአንዱ ደብተር «ፀሐይ» በሌላው «ጸሐይ» ተብላ ስለ ተጻፈች ለኮምፒዩተሩ ሁለት ሰው ትሆናለች። ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ፥ በአያት ስም ብቻ የሚለዩ አሉ፤ የአያታቸው ስም ግን አልተጻፈም። አንዳንዱ ብድር በኅዳግ ላይ በእርሳስ ተጽፎአል፤ ያን ማንበብ የሚችለው ጸሐፊው ብቻ ነው፤ እርሱም አንዳንዴ ተነሥቶ ባለቤቲቱን ሱቋ ድረስ ሄዶ ይጠይቃል። በአማካይ ለአንድ አባል 40 ደቂቃ ሆነ። 340 ጊዜ 40 ደቂቃ ከ226 ሰዓት ይበልጣል። መጋቢት 30 ሲደርስ ያዛወርነው የ114 ሰዎችን ሒሳብ ብቻ ነበረ።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ጥቂት ልውጣ። የተጠቀምንበት ፕሮግራም የተሠራው በፈረንጅ አቈጣጠር ነው። «የካቲት 30» ብለን ስንጽፍለት ፌብሩዋሪ 30 ቀን የለውም ብሎ መለሰልን። ጳጉሜንንማ ጨርሶ አላወቃትም። በጳጉሜን ገንዘብ ያስገባ ሰው ገንዘቡን ያስገባበት ቀን በዓለም ላይ የለም ተባለ! ይህን ለማስተካከል በጥር ወር አንድ ሙሉ ሳምንት ሄደብን፤ በሠሌዳዬ ላይ ግን ለዚህ አንድ ሰዓት እንኳ አልተያዘለትም ነበር። 13 ወር ባለው አገር ለሚሠራ ሰው ይህ አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር እንጂ ድንገተኛ አደጋ አይደለም።

አሁን ወደ ጥፋቱ ልምጣ። ሒሳቡ በማዛወር ላይ ሳለ እንዳይለዋወጥብን፥ ከመጋቢት 15 ጀምሮ አዲስ ብድር እንዲቆም የጠየቅነው እኛ ነን። 15 ቀን ብቻ ነው ብለን ነበር። ሊቀ መንበሩም አምነውን አቆሙ። መጋቢት 30 ደረሰ፤ ሥራው ሢሶው ብቻ ተሠርቶአል፤ ብድሩም እንደ ቆመ ቀረ። ፋሲካ በዚያ ዓመት ሚያዝያ 12 ቀን ነበረ። ቅቤ ነጋዴ ከጾሙ መፍቻ በፊት ባሉት ሳምንታት ገንዘብ ካላገኘ መቼ ሊያገኝ ነው? አንዲት በዕድሜ የገፉ ቅቤ ሻጭ በየዓመቱ በዚያን ጊዜ ከማኅበሩ ተበድረው ከገጠር ነጋዴዎች ቅቤ ይገዙ ነበር። ሦስት ቀን ተመላለሱ። በሦስተኛው ቀን በግድግዳው ላይ ያለውን ባለ ቀለም ሠሌዳ አይተው፥ «ልጄ፥ እኛስ ቅዳሜ ሌሊት እንፈታለን፤ ይህ ደብተር ከጾም የሚፈታው መቼ ነው?» አሉኝ። «እማማ፥ በቅርቡ ነው» አልኳቸው። ውሸት ነበረ፤ ቀኑን እኔም አላውቀውም ነበርና። ብድሩ በአሮጌው ደብተር እንደገና የተከፈተው ሚያዝያ 16 ነው፤ በዓሉ ካለፈ በኋላ። እርሳቸው በበዓሉ ሰሞን የሸጡት የሰው ቅቤ በኮሚሲዮን ነበረ። የማዛወሩ ሥራም ያለቀው ሐምሌ ሲያልቅ ነው።

«እናንተ ልጆች ስለሆናችሁ ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። ትልልቆቹም እንዲሁ ናቸው። በአሜሪካ በዴንቨር ከተማ አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ1993 በኦክቶበር ይከፈታል ተብሎ፥ ሻንጣ የሚያመላልሰው በኮምፒዩተር የሚመራ መሣሪያ አልሠራ ስላለ የተከፈተው በ1995 በፌብሩዋሪ ነው፤ መሣሪያውም በ2005 ጨርሶ ተተወ። በአገራችንም አራተኛው የሕዝብና ቤቶች ቈጠራ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወረቀት ወጥቶ በታብሌት እንዲደረግ ታስቦ 180,000 ታብሌት ተገዝቶ ነበር። ለኅዳር 2010 ዓ.ም. ተቀጥሮ ተላለፈ፤ ለመጋቢት 29 ቀን 2011 ተቀጥሮ ተላለፈ፤ በሰኔ 2011 የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በአንድ ዓመት አራዘመው፤ በ2012 ደግሞ የኮሮና ወረርሽኝ መጣ። ያዘገየው በዋናው የጸጥታ መታጣትና የሕዝብ መፈናቀል ስለ ነበረ፥ ማንንም በስንፍና ለመክሰስ አላነሣሁትም። ነገር ግን መሣሪያ በእጅ መግባቱ የሥራው ቀን ደረሰ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም። የመሣሪያው ግዢ በገንዘብ ያልቃል፤ ቀኑን የሚወስነው መሣሪያው የሚያርፍበት ቦታና ሰው ነው።

ዳንኤል ካነማንና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳመለከቱት፥ ሰው ለሥራው ቀን ሲቈርጥ የራሱን ሐሳብ ውስጥ ውስጡን ያያል እንጂ ያንኑ የመሰለ ሥራ ሌሎች በስንት ጊዜ እንደ ጨረሱት አይጠይቅም። እኛም በዚያው በየካ ክፍለ ከተማ ከእኛ በፊት መዝገቡን ያዛወረ ሌላ ማኅበር ካለ ብለን ደጅ አልመታንም። ወደ ጸሐፊውም ዘንድ አልሄድንም። ሥራው በእጁ የነበረውን ሰው ትተን ቀኑን ከሊቀ መንበሩ ጋር ተዋዋልን፤ እርሳቸው ደግሞ የፈለጉት የቅርብ ቀን ነበረ፥ እኛም ደስ ልናሰኛቸው ፈለግን። በመሥሪያ ቤቶቻችንም አብዛኛው ቀን የሚቈረጠው በዚሁ መንገድ ይመስለኛል። አዲስ የሒሳብ አሠራር ከበጀት ዓመቱ መባቻ ከሐምሌ 1 ጀምሮ እንዲሠራ ይታዘዛል፤ ሠራተኛውን ማስተማር ግን በሰኔ ይሆናል፤ በሰኔ የሒሳብ ሠራተኛ ዓመቱን ሲዘጋ ቀና ብሎ እንኳ ሰው እንደማያይ ማን ያጣዋል?

አሁን በዚያው በሾላ ገበያ አጠገብ ያለ አንድ ዕድር ይህንኑ ሥራ እንድንሠራለት ጠይቆናል። አባሎቹ 210 ናቸው። በዚህ ጊዜ ከደብተሩ እጅግ የተበላሹትን 10 ገጾች ገንዘብ ያዡ ራሳቸው እንዲመርጡ አድርገን፥ ከእርሳቸው ጋር ተቀምጠን ለካን፤ በአማካይ 35 ደቂቃ ሆነ። ጠቅላላው ከ122 ሰዓት በላይ ነው። እርሳቸው በሳምንት ሦስት ቀን ሁለት ሁለት ሰዓት ሊሰጡን ይችላሉ፤ ስለዚህ 20 ሳምንት ያህል። ለገና፥ ለጥምቀት፥ ለፋሲካ፥ ለመብራትና ለሕመም 4 ሳምንት ጨመርን። ከዚያም አሮጌው ደብተርና ኮምፒዩተሩ ጐን ለጐን የሚሠሩበት አንድ ወር አለ፤ በዚያ ወር የገንዘብ ያዡ ሥራ እጥፍ ስለሚሆን ረዳት እንዲመደብላቸው ጠይቀናል። ኅዳር 1 ብንጀምር ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሰኔ አጋማሽ ባለው ጊዜ እናስረክባለን አልን እንጂ አንድ ቀን አልቈረጥንም። የዕድሩ ክፍያ በመካከሉ አንድ ቀን እንኳ አይቋረጥም፤ ለቅሶ ቀጠሮ አይሰጥምና።

የዕድሩ ሰብሳቢ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቈረ። «ሌሎች ልጆች በሁለት ወር እንሠራዋለን ብለውኛል» አሉ። ሥራውን ልናጣው እንችላለን። የማኅበሩን ታሪክ ከነጥፋታችን ነገርኳቸው፤ እናስብበት ብለው ሸኙን።

ከፈቀዱልን ግን ስድስት ሰው ያስፈልገናል። ፍሬድ ብሩክስ የተባለው የአይ.ቢ.ኤም. መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ፥ በዘገየ የፕሮግራም ሥራ ላይ ሰው መጨመር የባሰውኑ ያዘገየዋል ብሎአል፤ እኛም በሚያዝያ ሦስት ጓደኞች ጨምረን አይተነዋል፤ ደብተሩን ለማስተማር ስንት ቀን ሄደብን። ስለዚህ ፈቃደኛ የሆናችሁ ዛሬ ማታ ከበሩ አጠገብ ባለው ወረቀት ላይ ስማችሁን ጻፉ፤ በየካቲት አትምጡብን።