ሳይነበብ የተፈረመ ውክልና፦ ስለ ኤክሴል ቅንብሮች ጥቅምና ጉዳት

ዛሬ የምናገረው በየቢሯችን ጠዋት ስንገባ መጀመሪያ ስለምንከፍተው ኤክሴል ነው። ስለ ፎርሙላ አልናገርም፤ ፎርሙላ በየሥልጠናው ይሰጣል። የመረጥኩት ሥልጠናው ዘልሎት የሚያልፈውን፣ ሴቲንግ የምንለውን ቅንብር ነው።

ሰው ለሰው ውክልና ሲሰጥ ሰነዱን አስነብቦ ይፈርማል። «ቤቴን አከራይልኝ» እና «ቤቴን ሽጥልኝ» አንድ እንዳልሆኑ ያውቃልና። ቅንብርም ውክልና ነው፤ ፕሮግራሙ በእኛ ስም እንዲወስን፣ እንዲያርም፣ እንዲያስቀምጥ የተሰጠው ሥልጣን ነው። ይህን ውክልና ግን አብዛኞቻችን አላነበብነውም። ከፊሉ ፕሮግራሙ ሲጫን ጀምሮ ተፈርሞ ይጠብቀናል፤ ከፊሉን ከእኛ በፊት በዚያ ወንበር የተቀመጠ ሰው ፈርሞት ሄዷል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቅንብር ላይ ሦስት ጥያቄ እናንሳ፦ ምን እንዲያደርግ ተፈቀደለት? ሥልጣኑ እስከ የት ይደርሳል? ብንሽረውስ ያጠፋው ይመለሳል?

ሁላችንም በምናውቀው ልጀምር። 0911 ብሎ የሚጀምር ስልክ ቁጥር ስንጽፍ ኤክሴል የፊቷን ዜሮ ይጥላል። የሚደመር ቁጥር መስሎታል፤ ለሚደመር ቁጥር ደግሞ የፊት ዜሮ ትርጉም የለውም። 16 አሃዝ ያለውን የፋይዳ ካርድ ቁጥር ስንጽፍ የመጨረሻው አሃዝ ወደ 0 ይለወጣል፤ ኤክሴል በአንድ ቁጥር ውስጥ ከ15 አሃዝ በላይ አይይዝም። የስልኩን ዜሮ መልሰን መጻፍ እንችላለን። የጠፋውን 16ኛ አሃዝ ግን ካርዱን ዳግመኛ ካላየን ከየትም አናገኘውም።

ከዚህ የባሰው በቀኖቻችን ላይ የሚደርሰው ነው። በእኛ አቆጣጠር የጻፍነውን ቀን ኤክሴል የሚያነበው በፈረንጆቹ ነው። ኮምፒውተሩ ቀንን አስቀድሞ ወርን እንዲያስከትል ተቀናብሯል እንበል። ጥቅምት 29 ቀን 2016ን 29/2/2016 ብለን ስናስገባ እሺ ብሎ ፌብሩዋሪ 29 ያደርገዋል። በማግስቱ ጥቅምት 30ን 30/2/2016 ብለን ስንጽፍ ግን ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። ኮምፒውተሩ በአሜሪካኖቹ ልማድ ወርን የሚያስቀድም ከሆነ ደግሞ 5/13/2015 ብለን የጻፍነው ጳጉሜን 5 ሜይ 13 ሆኖ ያርፋል። በአንድ ዓምድ ላይ ከፊሉ ቀን፣ ከፊሉ ጽሑፍ ሆነ ማለት ነው። በቅደም ተከተል ስንደረድረው ጽሑፎቹ ከቀኖቹ ሁሉ በኋላ ይሰለፋሉ። የዕረፍት ቀን ወይም የውል ማብቂያ በዚያ ዓምድ የሚያሰላ ሠራተኛ ምን እንደሚደርስበት አስቡት። መለያው ቀላል ነው፦ አሰላለፉ ካልተነካ፣ ቀን የሆነው ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍ የሆነው ወደ ግራ ተጠግቶ ይታያል።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። የዘረመል ተመራማሪዎች «ሴፕት 2»፣ «ማርች 1» በሚል አኅጽሮት የሚጠሯቸው ጂኖች ነበሩ። ኤክሴል እነዚህን የሴፕቴምበርና የማርች ቀን አደረጋቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት፣ የጂን ዝርዝር በኤክሴል አያይዘው ካሳተሙ ጽሑፎች ውስጥ አንድ አምስተኛ ያህሉ እንዲህ ያለ ስሕተት እንዳለባቸው አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2020 የጂን ስሞችን የሚያጸድቀው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ስሞቹን ራሳቸውን እንደቀየረ ይፋ ሆነ። ሳይንስ ለአንድ ቅንብር ሲል የቃላቱን መዝገብ አረመ።

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2023 የእነዚህን ለውጦች ማጥፊያ ሰጠን። ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ዳታ ብላችሁ ስትገቡ የፊት ዜሮን መጣል፣ ረጅም ቁጥርን በ15 አሃዝ መቁረጥ፣ ፊደልና ቁጥር የተያያዘበትን ቃል ቀን ማድረግ እያንዳንዳቸው ሊጠፉ ይችላሉ። እንድታጠፏቸው እመክራለሁ። ገደቡን ግን እወቁ። በእዝባር የምንጽፈውን 29/2/2016 ይህ ማጥፊያ አያድነውም። ቅንብሩ የሚቀመጠው በእናንተ ኮምፒውተር እንጂ በፋይሉ ውስጥ ስላልሆነ፣ ባልደረባችሁ በራሷ ማሽን ስታስገባ ዜሮው እንደገና ይወድቃል። አስተማማኙ መንገድ ከመጻፋችን በፊት ዓምዱን ቴክስት ማድረግ ነው፤ ይህ ከፋይሉ ጋር አብሮ ይጓዛል። እሱም ዋጋ አለው፦ ጽሑፍ የሆነን ቁጥር የድምር ፎርሙላ ይዘለዋል። ስለዚህ ለስልክ፣ ለመታወቂያና ለሒሳብ ቁጥር ብቻ እንጂ ለብር ዓምድ አይሆንም።

ወደ ሁለተኛው ቅንብር ልለፍ። እ.ኤ.አ. በ1979 ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን ቪዚካልክ የተባለውን የስሌት ሠንጠረዥ ፕሮግራም ለአፕል 2 ኮምፒውተር ሲያወጡ ሰውን ያስደነቀው፣ አንዷ ቁጥር ስትቀየር በእሷ ላይ የተመሠረቱት ሁሉ አብረው መቀየራቸው ነበር። ከዚያ በፊት ሒሳብ ሠራተኛ በላጲስ እየፋቀ ገጹን ከላይ እስከ ታች እንደገና ይደምር ነበር። ማንዋል ካልኩሌሽን የሚባለው ቅንብር ያንን ድንቅ ነገር ያስቆመዋል። ጥቅሙ እውነት ነው። ብዙ ሺህ ፎርሙላ ያለበት ፋይል አንድ ቁጥር ባስገባን ቁጥር ሲንቀራፈፍ፣ ማንዋል አድርገን ሁሉንም አስገብተን በመጨረሻ ኤፍ 9ን መጫን ግማሽ ቀን ያተርፋል።

አደጋው በሁለተኛው ጥያቄያችን ላይ ነው፤ ሥልጣኑ በአንድ ፋይል አይወሰንም። ኤክሴል መጀመሪያ የተከፈተው ፋይል በምን ሁኔታ እንደተቀመጠ ያይና ተከትለው የሚከፈቱትንም በዚያው ያስኬዳቸዋል። እነሱም ሴቭ ሲደረጉ ማንዋልነቱን ይዘው ይሄዳሉ። በአንድ ወቅት የወር ደመወዝ ስንሠራ የትርፍ ሰዓቱን አስገባን፤ ሴቭ ሳናደርግ አተምነው። ዓምዱ አዲስ፣ ድምሩ አሮጌ ነበር። ለፊርማ ከመሄዱ በፊት አንዲት ባልደረባችን በካልኩሌተር ደምራ ያዘችው። ምክንያቱን ስንፈልግ፣ ያን ጠዋት መጀመሪያ የከፈትነው ከሌላ ክፍል የተላከልንን የበጀት ፋይል ነበር። እኛ ማንዋል ያደረግነው አንድም ነገር የለም። ሌሊት ቆሞ ያደረ ሠራተኛ ላቡን ሊያጣ የነበረው ሌላ ሰው በሌላ ክፍል በፈረመው ውክልና ነው። ከገጹ ግርጌ በስተግራ «ካልኩሌት» የሚል ቃል ካያችሁ ኤፍ 9ን ሳትጫኑ አንዳች አታትሙ።

ሦስተኛው ቅንብር ከሁሉም ይልቅ የምፈራው ነው። 1,000 ብር ለሦስት ስናካፍል እያንዳንዱ ሴል 333.33 ያሳያል፤ ድምሩ ግን 1,000.00 ይላል። ኦዲተሩ በካልኩሌተር ሲደምረው 999.99 ይመጣበታል። ይህችን ሳንቲም ለማጥፋት ብለን የታየው ቁጥር እውነተኛው ቁጥር ይሁን የሚለውን ቅንብር እናበራለን። ሰነዱ ከካልኩሌተሩ ጋር ይስማማል፤ ደስ ይለናል። ቅንብሩ ግን የሚሠራው በዚያች ሴል ሳይሆን በመላው ፋይል ነው። በሌላ ሺት 7.25 በመቶ ተብሎ የተጻፈ፣ ግን 7 በመቶ ብቻ እንዲያሳይ የተደረገ የወለድ መጠን ቢኖር፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በእርግጥ 7 በመቶ ይሆናል። በ1,000,000 ብር ብድር ላይ የዓመቱ ልዩነት 2,500 ብር ነው። ቅንብሩን መልሰን ብናጠፋውም የተቆረጠው አሃዝ አይመለስም። ሦስተኛው ጥያቄ የተነሣው ለእንዲህ ያለው ነው። ሳንቲሟ ከከበደችን በዚያው ሴል የማጠጋጊያ ፎርሙላ እንጻፍ፤ ሥልጣኑ ከዚያች ሴል አይወጣም።

ስለ ቀሩት ሁለት ቅንብሮች ባጭሩ። ኦቶሴቭ መብራት ሲጠፋ ሥራችንን ያድናል፤ በመብራት መቆራረጥ የተቃጠለ ሰው ይህን አያቃልልም። ነገር ግን «ይህ ቢሆንስ» ብለን ለሙከራ የቀየርነውን ቁጥርም በዋናው ፋይል ላይ ይጽፈዋል። ሙከራ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ቅጂ ያውጣ፤ የረሳም የቀድሞዎቹን ቅጂዎች ከፋይሉ ታሪክ ይፈልግ። ሌላው፣ ፋይልን በአሮጌው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ማስቀመጥ ነው። አሮጌ ኮምፒውተር ያለው ሁሉ ይከፍተዋል፤ ሆኖም አዲሱ 1,048,576 ረድፍ ሲይዝ አሮጌው ከ65,536 አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝ፣ ከሴፕቴምበር 25 እስከ ኦክቶበር 2 ባሉት ቀናት፣ 15,841 በኮቪድ የተያዙ ሰዎች ከዕለታዊው ቁጥር ውጪ የቀሩት የላቦራቶሪ ውጤት በዚህ አሮጌ ዓይነት ሲዛወር ረድፉ ስለሞላ ነው። ከእነዚህ ሰዎች ጋር ንክኪ የነበራቸው በጊዜ አልተፈለጉም። ከዝርዝሩ የወደቀው ረድፍ ሰው ነበር።

ክቡራትና ክቡራን፣
ሠራተኛ ሲዛወር ርክክብ እናደርጋለን። ወንበሩ፣ ካዝናው፣ ማኅተሙ፣ ፕሪንተሩ በቅጹ ላይ ይሰፍራል፤ አስረካቢና ተረካቢ ይፈርማሉ። የመሥሪያ ቤቱን ገንዘብ የሚያሰላው ፋይል ግን በፍላሽ ይገለበጥና «ይኸውልህ» ይባላል። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። በእያንዳንዱ ዋና ፋይል የመጀመሪያ ሺት ላይ አምስት መስመር ጻፉ፦ ስሌቱ በራሱ ነው ወይስ በማንዋል፤ ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር ነው፤ የትኞቹ ዓምዶች ቴክስት ናቸው፤ የታየው ቁጥር እውነተኛ ይሁን የሚለው በርቷል ወይስ ጠፍቷል፤ ይህን ማን፣ መቼ ወሰነ። ያ ሺት ከካዝናው ቁልፍ ጋር በርክክቡ ቅጽ ላይ ይግባ። ያን ጊዜ ተረካቢው የሚፈርመው ያነበበውን ውክልና ይሆናል።