የተዳፈነ ፍም ከሰማይ ሲታይ



አንድ ሰው መዳፉን ግድግዳ ላይ ለጥቂት ሰከንድ አሳርፎ ቢያነሣ፣ ግድግዳው ላይ የሚቀር ነገር ያለ አይመስልም። የሙቀት ካሜራ ግን አምስቱን ጣቶች ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ ቅርጹ የሚደበዝዘው ግድግዳው ሲቀዘቅዝ ነው። ካሜራው የሚያነበው ከማናቸውም ነገር የሚወጣውን ኢንፍራሬድ ጨረር ነው። ዊልያም ሄርሼል ይህን ጨረር በ1800 እ.ኤ.አ. ያገኘው በተራ ቴርሞሜትር ነበር፦ የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ሲበትን፣ ከቀዩ ቀለም ወዲያ፣ ምንም በማይታይበት ቦታ ቴርሞሜትሩ ከፍ አለ።

መሣሪያው ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ምድር ምሁር ገዛኸኝ ይርጉና እንግሊዛዊው ክላይቭ ኦፐንሃይመር የኤርታ አሌን የላቫ ሐይቅ በሙቀት ካሜራ አጥንተው ውጤቱን በ2002 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ዛሬ እንዲህ ያለውን የእሳተ ገሞራ ገደል አፋፍ ላይ ሳይቆሙ በድሮን መቃኘት ይቻላል። ድሮን የሚለው ቃል ባለፉት ዓመታት በብዙ ኢትዮጵያዊ ጆሮ የጦርነት ቃል ሆኗል፤ እዚህ የሚነሣው ግን በሻንጣ የሚያዘው ትንሹ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው ነበር። የጓሳ ሣርና የአስታ ቁጥቋጦ ቃጠሎ ክፋቱ ነበልባሉ ከጠፋ በኋላ ነው። እናቶች ማታ በአመድ እንደሚያዳፍኑት ፍም፣ እሳቱ ሥር ውስጥ ተደብቆ ያድራል፤ ነፋስ ሲያገኝ ይነሣል። የሙቀት ካሜራ የያዘ ድሮን ጭስ እንኳ የሌለውን ትኩስ ቦታ ነጥሎ ያሳያል፤ እሳት አጥፊው ተራራውን ሙሉ ከሚያስስ በቀጥታ ወደዚያ ይሄዳል።

ተአምር ግን አይደለም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን መሬት ተንሸራትቶ ሰው ሲቀበር ነዋሪው በአካፋና በባዶ እጁ ቆፍሯል። ይህ ካሜራ እዚያ ቢኖርም ከጭቃው ሥር ያለውን ሊያይ አይችልም ነበር፤ የሚያየው የላዩን ገጽ ብቻ ነው፤ ተራ የመስኮት መስታወት እንኳ ይጋርደዋል። ገበያ ላይ «ግድግዳ አልፎ ያያል» እያሉ የሚሸጡትን ማመን አይገባም።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። በጀርመን ሣር ከመታጨዱ በፊት፣ ማለዳ መሬቱ ገና ሳይሞቅ፣ ሣር ውስጥ የተኙ የአጋዘን ግልገሎችን በድሮን ፈልገው ያወጣሉ። እኩለ ቀን ላይ ግን የሞቀ ድንጋይም ግልገል ይመስላል።

የሐዋሳ ሐይቅ ጉማሬዎችም ሣር ለመጋጥ ወደ ዳር የሚወጡት ሌሊት ነው። ውኃ ጨረሩን ስለሚይዝ፣ ጠልቆ ያለውን ጉማሬ ካሜራው አያገኘውም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ በቀዘቀዘው ሣር ላይ ሲቆም ግን ከነጥጃው ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ መቁጠር ለሚፈልግ ሰው የሚመቸው ያን ጊዜ ነው።