ብርዱ ሳያልቅ ስለሚያብበው ክሮከስ
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የአትክልት ኮሚቴው ያሰማው ንግግር)



ዛሬ ስለ መዋጮ አይደለም የተነሣነው፣ ተረጋጉ። ስለ አበባ ነው።

እንደሚታወቀው በምድር ቤቱ የሚኖሩት እናቶቻችን ከኅዳር እስከ መጋቢት ከቤት ወጡ ለማለት አይቻልም። መንገዱ ያዳልጣል፣ ልጆች ሥራ ውለው ማታ ነው የሚገቡት፤ ቀኑን ሙሉ የሚታየው በመስኮት በኩል ያለው ሣር ነው፣ እሱም በክረምት ደርቆ ቡናማ ይሆናል። ከመስኮቶቹ ሥር ያለችውን ጠባብ መሬት ምን እናድርጋት ተብሎ ለኮሚቴያችን በተሰጠው ኃላፊነት መሠረት፣ ክሮከስ ይተከልባት የሚል አሳብ ይዘን ቀርበናል።

አገራችን አደይ አበባ ዝናቡን ጠግቦ በመስከረም ብቅ እንደሚል፣ ይህኛው ደግሞ ብርዱን ጠግቦ ነው የሚወጣው። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ቀደም የሚለው ዓይነት በየካቲት፣ የዓድዋን በዓል በምናከብርበት ሰሞን ያብባል። ቁመቱ ከአንድ ጣት ብዙም አይበልጥ፤ ሐምራዊ፣ ቢጫ፣ ነጭም አለው። ፀሐይ ሲያገኝ ይከፈታል፣ ሲመሽ ወይም ሲደምን ይዘጋል። በዚያ ወቅት ሌላ አበባ ብዙ ስለሌለ ንቦችም ይፈልጉታል። አንዳንዶቻችሁ ለአዲስ አበባ ዘመድ እንላከው ብላችሁ ነበር። ደስ ባለን፤ ግን መሬቱ ሦስት ወር ያህል ቀዝቅዞ ካልቆየለት እሺ ብሎ አያብብም።

የሚተከለው ዘሩ ሳይሆን ኮረቱ ነው፤ ትንሽ ቀይ ሽንኩርት ይመስላል። ሲገዛ ጠጣር የሆነው ይመረጥ፣ የሻገተውና የላላው ይቅር። ጊዜው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር መግቢያ ነው። ሾጣጣው ወደ ላይ ሆኖ ከሦስት እስከ አራት ኢንች፣ ማለት ከግማሽ ስንዝር ትንሽ ያነሰ ጥልቀት ይገባል፤ በመካከሉ ሦስት ኢንች ያህል ይተዋል። አንድ በአንድ ተበታትኖ ከሚተከል ሰብሰብ ቢል ከመስኮት ጎልቶ ይታያል። የዚህ ሰፈር አፈር ሸክላ ስለሆነ ውሃ ይይዛል፣ ውሃ ያዘ ማለት ደግሞ ኮረቱ በሰበሰ ማለት ነው። ስለሆነም አስቀድሞ በደንብ ተቆፍሮ የበሰበሰ ቅጠል ይደባለቅበት።

ዋናው ጠላት ስኩዊረል ነው (እኛ ሽኮኮ እንለዋለን እንጂ የአገራችን ሽኮኮ ሌላ ነው)። ዛሬ የተከልነውን ነገ ቆፍሮ ይበላዋል። መድኃኒቱ የዶሮ ሽቦ በላዩ ዘርግቶ አፈር ማልበስ ነው፤ አበባው በቀዳዳው ይወጣል። ቶማሲኒያኑስ የሚባለውን ዓይነት ደግሞ ከሌላው ያነሰ ስለሚነካው እሱን እንድንገዛ እንመክራለን። የአጥንት ዱቄት ማዳበሪያ ግን ይቅርብን፤ ሽታው ውሻውንም ስኩዊረሉንም ይጠራል።

አሁን ወደሚያከራክረው እንምጣ። አበባው ካለቀ በኋላ ቅጠሉ ስድስት ሳምንት ያህል መቆየት አለበት። አሮጌው ኮረት በየዓመቱ አልቆ በላዩ አዲስ ይተካል፤ አዲሱን የሚመግበው ይህ ቅጠል ነው። ሣር አጫጆቹ ግን በሚያዝያ መጥተው ሙልጭ ያደርጉታል፣ በሚቀጥለው የካቲት እናቶቻችን የሚያዩት ባዶ መሬት ይሆናል። ስለዚህ ያቺ መሬት እስከ ግንቦት መግቢያ እንዳትታጨድ ለሕንጻው አስተዳደር ደብዳቤ እንድንጽፍ ፈቃዳችሁን እንጠይቃለን። ሣሩ ረዘመ፣ ሰፈሩ ተበላሸ የምትሉ ወንድሞች እንዳላችሁ እናውቃለን። የክሮከስ ቅጠል መሐሉ ላይ ነጭ መስመር አለው፤ ጠጋ ብሎ ላየው ከሣር አይምታታም።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለን። በመጸው የሚያብብ ኮልኪከም የሚባል ተክል አለ፣ በገበያ «የመጸው ክሮከስ» እየተባለ ይሸጣል። ክሮከስ አይደለም፣ ከአበባው እስከ ኮረቱ መርዝ ነው፤ በአውሮፓ ቅጠሉን የሚበላ የዱር ነጭ ሽንኩርት መስሏቸው በልተው የሞቱ ሰዎች አሉ። ሕፃናት በሚጫወቱበት ግቢ አናስገባውም። መለያው ቀላል ነው፦ በአበባው ውስጥ የዱቄት ዘንጎቹ በክሮከስ ሦስት፣ በኮልኪከም ስድስት ናቸው። ሳፍሮን የሚባለው ውድ ቅመም ከክሮከስ ነው ሲባል ሰምታችሁ ለወጥ እንልቀመው ያላችሁም አላችሁ። እሱ በመጸው የሚያብብ ሌላ ክሮከስ ነው፤ ለአንድ ግራም እንኳ 150 ያህል አበባ ይፈልጋል። እኛ የምንተክለው ለዓይን ብቻ ነው፣ ማንም እንዳይቀምሰው።

አሳቡን ከተቀበላችሁት የምንተክለው በጥቅምት ሦስተኛው ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። መኮትኮቻ ያለው ይዞ ይምጣ፣ ጓንትና ሽቦ ከኮሚቴው አለ። ቡናውን የምድር ቤት እናቶቻችን እናፈላለን ብለዋል።