ሕልም በሥራ ቦታ



ያደግሁት ኮልፌ 18 ማዞሪያ ነው። እናቴ ያየችውን ሕልም ለሁሉ አትናገርም፤ «ሕልም እንደ ፈቺው ነው» ትልና ማለዳ ቡና ሲፈላ አንደበተ መልካም ጎረቤት ትመርጣለች። ጥርስ ወልቆ ማየት ግን ፈቺም ሳይጠየቅ የዘመድ ሞት ነበር። አጥር የምትጋራን ሙስሊም ጎረቤታችን ደጉን ሕልም ለወዳጅ ትነግራለች፤ ክፉውን ወደ ግራዋ ሦስት ጊዜ እትፍ ብላ፣ በአላህ ተጠብቃ፣ ለማንም ሳትተነፍስ ትተወዋለች።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ሁለቱንም አቃለልሁ። በ1953 (እ.ኤ.አ.) የቺካጎ ዩኒቨርሲቲዎቹ አሴሪንስኪና ክላይትማን፣ በእንቅልፍ መካከል ዓይን በፍጥነት የሚንቀሳቀስበት ጊዜ እንዳለና ያን ጊዜ የተቀሰቀሰ ሰው ብዙውን ጊዜ ሕልም እንደሚያወራ ከገለጹ ወዲህ፣ የፍቺ ነገር ያበቃለት መስሎኝ ነበር። (እነርሱ መቼ እንደምናልም እንጂ ሕልሙ ምን ማለት እንደ ሆነ አልነገሩንም።)

አንድ ማለዳ፣ ለቧንቧ በተቆፈረ ጉድጓድ አፋፍ ላይ፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ የቀን ሠራተኛ «ጥርሴ ሲወልቅ አየሁ፤ ዛሬስ አልወርድም» አሉኝ። ፎርማኑ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። የቀኑን ሒሳባቸውን ላስቀር አስቤ ሳለ፣ ምናልባት እናቴ ትዝ ብላኝ ይሆናል፣ ጎንበስ ብዬ ተመለከትሁ። ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ነበር። አፈሩ ከአፋፉ ወዲህ ተሰንጥቋል፤ የድጋፉም ጣውላ ከሚገባው በላይ ተራርቋል።

ሥራውን አስቁሜ፣ ስንጥቁን አስቀድመው አይተውት እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው።

«ትናንት ማታ አይቼዋለሁ» አሉ።

«ታዲያ ስለ ምን አልነገሩኝም?»

«እንዴት ብዬ ነው ለመሐንዲስ ስለ አፈር የምነግር?»